የመነኩሴ ሰዓት በጎንደር ቤት

(በፍልሰታ ጾም ዋዜማ፣ ጎንደር ውስጥ በአንድ የጽዋ ማኅበር ጉባኤ ላይ ከቀረበ ንግግር የተዘጋጀ)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

አባቶቼና እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ ካህናት በተቀመጡበት ጉባኤ ስለ ጸሎት ለመናገር መቆሜ ድፍረት መሆኑን አውቃለሁ። የማኅበራችን ሙሴ (መሪያችን) ግን «እርስዎ ቄስም ዲያቆንም አይደሉም፤ ስለ ምእመን ጸሎት እርስዎ ካልተናገሩ ማን ይናገር?» ብለው አፋጠጡኝ። መልስ አጣሁ፤ ስለዚህ ቆሜአለሁ።

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት ዕድሜዬን በሒሳብ ሠራተኛነት ጨርሼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ሥራዬ ገቢና ወጪን ማስተያየት ነበር። ዛሬ የማወራውም ከዚያ ብዙ አይርቅም። የጸሎት ምኞታችንና ያለን ጊዜ አልመጣጠን ብለውናል፤ ሒሳቡን አብረን እንየው።

ነገ ነሐሴ 1 ነው። ከነገ ጀምሮ ለ15 ቀን ጎንደር ከተማነቷን ትታ ገዳም ትሆናለች። ቁስቋም ሂዱ፣ በአታ ሂዱ፣ ልደታ ሂዱ፤ ሌሊት ሰዓታት ይቆማል፣ ንጋት ላይ ኪዳን ይደርሳል፣ ውዳሴ ማርያም ይተረጎማል፣ ቀን ቅዳሴ ይቀደሳል። ሱባኤ የያዙ እናቶች በየቅጥሩ ጥግ ጋቢ ተከናንበው ያድራሉ። በሌላው ጊዜ በስንት ጉትጎታ ከአልጋው የማይነሣው የሰባት ዓመት ልጅ፣ ጭቃውና ጭጋጉ ሳይበግረው፣ ሳይበላ ውሎ ቆርቦ ይመለሳል። ይህን ያየ እንግዳ «የዚህ አገር ሰው ሁሉ መናኝ ነው» ቢል አይፈረድበትም። ከዚያ ነሐሴ 16 ይመጣና ዶሮው ይታረዳል። እሰየው፤ በዓል ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ነሐሴ 17 ነው። በዚያች ጠዋት ዳዊታችን የት ነው? በእኔ ቤት ለብዙ ዓመታት የነበረው መደርደሪያ ላይ፣ ከአሮጌ ደረሰኞች ሥር ነበር።

የገዳሙ ጸሎት ሚስት፣ ልጅ፣ የቤት ኪራይና አለቃ ካለበት ሰው ቤት ሊገባ ይችላል? ለዚህ ጥያቄ በከተማችን ሁለት ዓይነት መልስ እሰማለሁ፤ ሁለቱም አይጥሙኝም።

የመጀመሪያው «እኔ እኮ መነኩሴ አይደለሁም» የሚለው ነው። ይህ መልስ አዲስ እንዳይመስላችሁ። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ በ4ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በአንጾኪያ ሲያስተምር፣ የከተማው ሰዎች «እኛ መነኮሳት አይደለንም፤ ሚስትና ልጆች አሉን፤ የቤት ጣጣ አለብን» እያሉ መጻሕፍትን ከማንበብ ይሸሹ ነበር። እርሱም ነገሩን ገለበጠባቸው። ቁስል የሚበዛው በጦርነቱ መካከል የቆመ ሰው ላይ ነውና፣ መድኃኒቱም ይበልጥ የሚያስፈልገው በገበያና በቤት ጣጣ መካከል ላላችሁት ነው አላቸው። በሌላ ስብከቱም በዓለም የሚኖር ክርስቲያን ከመነኩሴ የሚለየው ከትዳር ጓደኛው ጋር በመኖሩ ብቻ እንደሆነ፣ ሌላው ትእዛዝ ግን ለሁለቱም አንድ እንደሆነ አስተምሯል።

ሁለተኛው መልስ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ሰሞኑን በወጣቶቻችን ዘንድ የሚበረታውም እርሱ ነው። ጥቁር ለብሶ፣ መቁጠሪያ በክንድ ጠምጥሞ፣ ድምፅን ዝቅ አድርጎ፣ በጾም ዓሣ የበላውንና ያልበላውን ሲቆጥሩ መዋል። ከሁለቱ የትኛው ይከፋል ብትሉኝ ሁለተኛው ነው እላለሁ። ይህን የምለው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም፤ በእኔው ላይ ደርሷል።

በጎልማሳነቴ፣ የመጀመሪያ ልጃችን ገና ሲድህ፣ ወደ ዋልድባ ተጓዝኩ። ዋልድባ እህል የማይቀመስበት፣ መነኮሳቱ ከሙዝ የሚዘጋጅ ቋርፍ የሚመገቡበት ገዳም መሆኑን ታውቃላችሁ። ሌሊት ደወል ተደውሎ በጨለማ ውስጥ የሰማሁት ዝማሬ ልቤን ወሰደው። ወደ ጎንደር ስመለስ የተሸከምኩት እምነት ብቻ አልነበረም፤ ትልቅ ዕቅድም ነበር። ሰባቱን የጸሎት ጊዜያት ሙሉ በሙሉ እጠብቃለሁ፣ 150ውን መዝሙር በየሳምንቱ እጨርሳለሁ፣ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ እበላለሁ አልኩ። የሒሳብ ሰው ነኝና ሰንጠረዥ አዘጋጅቼ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። እህል ትቼ ሙዝ ልቀቅል ስል ባለቤቴ ድስቱን ከእጄ ቀማችኝ።

ሦስት ሳምንት ቆየሁ። በአራተኛው፣ ቢሮ ውስጥ በጠረጴዛዬ ላይ አንቀላፍቼ የአንድ ወር ሒሳብ አበላሸሁ፤ ስሕተቱንም በበታቼ በሚሠራው ልጅ አላከክሁ። ማታ ቤት ስገባ ልጁ እያለቀሰ ነበር፤ እኔ ደግሞ የንዋም፣ የመኝታ ጸሎት ሰዓቴ ደርሶ ነበር። ባለቤቴ ልጁን ታቅፋ በሩ ላይ ቆመችና «አንተስ መነንህ፤ እኔንና ይህን ልጅ ማን አመነነን?» አለችኝ። ያን ቀን ጸሎቱንም ተውኩት፤ ልጁንም አላባበልኩም።

የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄጄ ነገሩን ሁሉ ዘረዘርኩ። ሲያዳምጡኝ ቆይተው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ። «ይህን ቀኖና የሰጠህ ማን ነው?» «እኔው ራሴ ነኝ፣ አባ» አልኩ። «እንግዲያውስ ራስህ ፍታው» አሉኝና ሳቁ። ከዚያ ጠዋት አንድ መዝሙር፣ ሦስት ስግደት፣ ማታ ከባለቤቴ ጋር አቡነ ዘበሰማያት ሰጡኝ። «ዓመት ሳታጎድል ከቆየህ ተመለስና እጨምርልሃለሁ» አሉ። ተናድጄ ወጣሁ። ከዋልድባ ለመጣ ሰው ሦስት ስግደት! ደግሞም ልንገራችሁ፣ ያንኑ አንድ መዝሙር ሳላጎድል ዓመት ለመድፈን አራት ዓመት ፈጅቶብኛል።

በኋላ የዮሐንስ አፈወርቅን ታሪክ ሳነብ ከራሴ ጋር ታረቅሁ። እርሱም በወጣትነቱ በአንጾኪያ አጠገብ ባለ ተራራ መንኖ፣ ሁለት ዓመት በዋሻ ውስጥ ብዙ ሳይተኛ ተጋድሎ፣ ሆዱና ኵላሊቱ ታመውበት ወደ ከተማ ተመልሷል። ሕመሙ ዕድሜውን ሙሉ አልተወውም። ለከተማ ሰዎች ስለ ጸሎት ያን ያህል ያስተማረ ሰው ራሱ ልክን በሥጋው ከፍሎ የተማረ መሆኑ ያጽናናኛል። ገዳም ውስጥ ልክ የሚሰጥ አባት አለ። ጀማሪ የሆነ መነኩሴ ያለ አበ ምኔቱ ፈቃድ እንኳን ጾም፣ አንድ ስግደትም አይጨምርም። እኛ ከገዳም ስንኮርጅ መጀመሪያ የምንረሳው ይህንኑ ነው። ጾሙን፣ ልብሱንና መቁጠሪያውን እናመጣለን፤ መታዘዙን እዚያው ትተነው እንመጣለን።

አሁን ወደ ሰዓቱ ልምጣ፤ ከገዳም ወደ ቤታችን ሊገባ የሚችለው እርሱ ነውና።

ነቢዩ ዳዊት በ118ኛው መዝሙር «ሰባት ጊዜ በቀን አመሰግንሃለሁ» ያለውን ይዘን ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሰርክ፣ ንዋም፣ መንፈቀ ሌሊት ብለን ሰባት ጊዜያት እንቆጥራለን። በዚህ ነገር እኛ ኢትዮጵያውያን ሳናውቀው የተሰጠን ጸጋ አለ፤ የእጃችን ሰዓት ራሱ የጸሎት ሰዓት ነው። የሐዋርያት ሥራን ስናነብ መንፈስ ቅዱስ የወረደው ከቀኑ በሦስተኛው ሰዓት ነው ይላል፤ ጴጥሮስ በኢዮጴ ሰገነት ላይ ሊጸልይ የወጣው በስድስት ሰዓት ነው፤ እርሱና ዮሐንስ ወደ መቅደስ የወጡት በጸሎት ጊዜ፣ በዘጠኝ ሰዓት ነው። ጳውሎስና ሲላስ በእስር ቤት የዘመሩት በመንፈቀ ሌሊት ነው። የውጭ አገር ሰው ይህን ሲያነብ ስድስት ሰዓት መደመር ወይም መቀነስ አለበት። የእኛ ሻይ ቤት ግድግዳ ላይ ያለው ሰዓት ሦስት ሲል ሦስት ነው፤ ጌታ በተሰቀለበት ስድስት ሰዓት ስድስት ይላል፤ ነፍሱን በሰጠበት ዘጠኝ ሰዓት ዘጠኝ ይላል። ስንቶቻችን ነን ቀና ብለን ሰዓቱን ስናየው ይህን የምናስብ?

የቢሮ ሠራተኛ ቀን ከዚህ ጋር እንዴት እንደሚገጥም ተመልከቱ። ነግህ 12 ሰዓት፣ ከአልጋ ስንነሣ ነው። ሦስት ሰዓት ላይ ወንበራችን ላይ ነን። ስድስት ሰዓት ለምሳ ከመውጣታችን በፊት ነው። ዘጠኝ ሰዓት የከሰዓቱ ሥራ እኩሌታ ነው። ሰርክ 11 ሰዓት ላይ ነው፤ ቢሮ ሊዘጋ ግማሽ ሰዓት ይቀረዋል፤ ያን ግማሽ ሰዓት ሁላችንም በምን እንደምናሳልፈው እናውቃለን። ንዋም መኝታ ላይ ነው። በእያንዳንዱ ጊዜ አቡነ ዘበሰማያትን ብቻ ብንል፣ ሳንቸኩል፣ አንድ ደቂቃ አይሞላም። ሰባት ጊዜ ሰባት ደቂቃ። እኔ በሥራ ዘመኔ ሰባት ደቂቃ ያላባከንኩበት ቀን አላስታውስም።

መንፈቀ ሌሊትን ለብቻው ላንሣው፤ ብዙ ሰው የሚሰናከለው በእርሱ ነው። ሌሊት መነሣት ለሁሉም አልተሰጠም። ለጨቅላ እናት ግን ተሰጥቷል፤ ሳትጠይቅ ልጁ ይቀሰቅሳታል። ሆስፒታል ተረኛ ሆና የምታድር ነርስም አላት፤ የፋብሪካ ጥበቃም አለው። እነዚህ ሰዎች መነኩሴ ደወል ተደውሎለት የሚነሣበትን ሰዓት ያለ ደወል ነቅተው ያሳልፋሉ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብታችሁ ጣሪያውን ቀና ብላችሁ ካያችሁ፣ የተደረደሩት የመላእክት ፊቶች ዓይናቸው አይከደንም፤ ከየትም ብትቆሙ ያዩአችኋል። ልጅ ስታጠባ የነቃች እናት «ቅዱስ እግዚአብሔር፣ ቅዱስ ኃያል፣ ቅዱስ ሕያው ዘኢይመውት» ብትል፣ ከእነርሱ ጋር ቆማለች።

ይህን ከራሴ አመጣሁት እንዳትሉኝ። አባ እንጦንስ በበረሃ ሳለ፣ በከተማ የሚኖር አንድ ሐኪም ከእርሱ ጋር እኩል መሆኑ ተገልጦለታል። ያ ሐኪም ከሚያስፈልገው የተረፈውን ለድሆች ይሰጥ ነበር፤ ቀኑን ሙሉም ከመላእክት ጋር ቅዱስ፣ ቅዱስ፣ ቅዱስ ይል ነበር። የመነኮሳት ሁሉ አባት የምንለው ሰው እኩያውን በዋሻ አላገኘም፤ በሕክምና ቤት ነው ያገኘው።

ስለ አባ እንጦንስ ካነሣሁ አይቀር፣ ጥር 22 በበዓሉ ቀን የማስበውን ልንገራችሁ። በበረሃ ተቀምጦ ሳለ ተሰላቸ፤ ሐሳቡም አስጨነቀው። «ጌታ ሆይ፣ ልድን እወዳለሁ፤ ሐሳቤ ግን አልተወኝም፤ ምን ላድርግ?» ብሎ ጮኸ። ጥቂት ቆይቶ ሲወጣ እርሱን የሚመስል ሰው ተቀምጦ ገመድ ሲታታ አየ። ሰውየው ተነሥቶ ጸለየ፤ ተመልሶ ተቀመጠና ታታ፤ እንደገና ተነሥቶ ጸለየ። መልአክ ነበር። «እንዲህ አድርግ፤ ትድናለህ» አለው።

ይህን ታሪክ የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው፤ ያየሁት ግን በልጅነቴ ነው። አያቴ ባላቸው ካረፉ በኋላ ቆብ ጫኑ። ወደ ገዳም አልሄዱም፤ በቀሐ በኩል በነበረው ቤታችን፣ ከምድጃው አጠገብ ባለችው መደብ ላይ ኖሩ። እንዲህ ያሉ እማሆይ በጎንደር ከየሰፈሩ አይጠፉም፤ ስለ ምእመን ጸሎት መጠየቅ ያለበት ሰው መጠየቅ ያለበት እነርሱን ነበር። እማሆይ ቀኑን ሙሉ ጥጥ ይፈትላሉ። ፊደል አያውቁም፤ ውዳሴ ማርያምን ግን የሰኞን በሰኞ፣ የማክሰኞን በማክሰኞ በቃላቸው ይዘውታል። እንዝርቱ ይሾራል፣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። እንዝርቱ ሲሞላ ወደ ልቃቂት ያዞሩታል፤ ከዚያ ተነሥተው ወደ ምሥራቅ ይቆማሉ፣ ሦስት ጊዜ ይሰግዳሉ፣ ይቀመጣሉ፣ እንደገና ይፈትላሉ። ጎረቤት ሲያሙም ሰምቻቸዋለሁ፤ ቅድስት ነበሩ ብዬ አላታልላችሁም። ሲያሙ ታዲያ ክሩ ይበጠስባቸዋል። «ይኸው!» ይሉና ቀጥለው ዝም ይላሉ። ፈትሉ ለሸማኔ ይሸጣል፤ ገንዘቡ ጧፍ ይገዛል፤ የተረፈው የእኛን ደብተር ይገዛል።

እንግዲህ መልአኩ እንጦንስን ገመዱን ጣለው አላለውም። የእኛ ሰው ደግሞ የጸሎት ፍላጎት ሲያድርበት መጀመሪያ የሚጠላው ሥራውን ነው። «ሱቄ ጊዜዬን በላው፣ ልጆቼ አላስቆም አሉኝ» ይላል። ሱቁ ገመዱ ነው፤ ልጆቹ ገመዱ ናቸው። ተቀምጦ መታታት፣ ተነሥቶ መጸለይ፣ ተመልሶ መቀመጥ።

አንድ የባጃጅ ሹፌር ወንድማችን ባለፈው «እኔ በምን ላይ ተነሥቼ ልቁም? ከአራዳ አዘዞ፣ ከአዘዞ አራዳ ነኝ» አለኝ። መቁጠሪያው መስታወቱ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ለጌጥ ነው። 41 ወይም 64 ፍሬ ያለው መቁጠሪያ የተሠራው ግን ለእጅ ነው፤ ቁጥሩን ለጣት ትቶ ልብ ለቃሉ እንዲያርፍ። እየነዳህ አትቁጠር፤ መሪህን ያዝ አልኩት። የግብፁን መነኩሴ አባ መቃርስን እንዴት እንጸልይ ብለው ሲጠይቁት ብዙ ቃል አያስፈልግም ብሏል። እጅን ዘርግቶ «ጌታ ሆይ፣ እንደምትፈቅድና እንደምታውቅ ማረኝ» ማለት ይበቃል፤ ፈተና ሲጸና ደግሞ «ጌታ ሆይ፣ እርዳኝ»። ይህ ተሳፋሪ ሳንቲም ሲቆጥር ይባላል። በአዘዞ መንገድ ላይ ደግሞ የሁለተኛው ጸሎት አስፈላጊነት ለማንም ግልጽ ነው።

ስለ ባልና ሚስት አንድ ነገር ልበልና ላሳጥር። ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ባለትዳሮች ለጸሎት እንኳ የሚለያዩት ተስማምተው፣ ለጊዜው እንዲሆን ጽፏል። አንዱ ሱባኤ ሲይዝ ሌላው ያልተጠየቀበት ቤት ሱባኤው የሌላ ሰው ሸክም ይሆናል። እዚህም አባ መቃርስ ይመጣል። በአንዲት ከተማ ያሉ ሁለት ሴቶች ከአንተ ይበልጣሉ የሚል ድምፅ ሰምቶ ሊያያቸው ሄደ። የሁለት ወንድማማች ሚስቶች ነበሩ። መመንኮስ ፈልገው ባሎቻቸው አልፈቀዱላቸውም፤ በአንድ ቤት ሲኖሩ ግን አንድም ቀን ክፉ ቃል አልተነጋገሩም። ባላገሯን ጎንደርን የሚያውቅ ሰው፣ የሁለት ወንድማማች ሚስቶች በአንድ ቤት ያለ ክርክር መኖራቸው ከእህል መከልከል የሚበልጥ ገድል መሆኑን ማስረዳት አያስፈልገውም።

ቦታ የለንም ለምትሉም፤ ጌታ «ወደ እልፍኝህ ግባ መዝጊያህንም ዘግተህ» ብሏል። እኛ ጎንደሬዎች እልፍኝ ሲባል እልፍኝ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ትዝ ይለናል እንጂ የራሳችን እልፍኝ የለንም፤ አምስት ነፍስ በአንድ ክፍል እንኖራለን። በአንዲት ጥግ አንድ ሥዕል፣ አንድ መጽሐፍ፣ አንድ ምንጣፍ ይበቃል። የሚዘጋው መዝጊያ ስልኩ ነው። ነግህን ከእኛ የሰረቀው እርሱ ነውና፤ ዓይናችን ሲገለጥ እጃችን በስመ አብ ለማለት ወደ ግንባር መሄዱን ትቶ ወደ ትራስ ሥር ይሄዳል። ስልኬ ላይ ዳዊት አለ የምትሉኝ፣ አውቃለሁ፤ ከዳዊቱ ቀጥሎ ያለውንም አውቃለሁ።

የመጨረሻው ሒሳቤ ይህ ነው። ዳዊታችን 150 መዝሙር ነው፤ በየአሥሩ ተከፍሎ አንዱ ክፍል ንጉሥ ይባላል። አሥራ አምስት ንጉሥ ማለት ነው። ፍልሰታ 15 ቀን ነው። የንስሐ አባቱ የፈቀደለት በቀን አንድ ንጉሥ ቢደግም ነሐሴ 15 ቀን ይጨርሳል፤ ሠላሳ ደቂቃ እንኳ አይወስድም። ያልቻለ አንድ መዝሙር ይያዝ። ነሐሴ 17 ግን ሁላችንም ወደ አንድ እንውረድ፤ ያችን አንዷን እንዳንለቃት። ባለቤቴና እኔ እንዲሁ ተስማምተናል፤ በዚህ ዓመት ሰንጠረዥ አልለጠፍኩም።

ዳዊት የሌላችሁ ካላችሁ ከጉባኤው በኋላ ንገሩኝ፤ ሁለት ትርፍ አሉኝ፤ አንዱን አውሳለሁ። ሁለተኛው የእማሆይ ነው። ፊደል ስለማያውቁ ከየኔታ ቤት ስመለስ የማነብላቸው እኔ ነበርኩ፤ 50ኛው መዝሙር ላይ፣ «ተሣሃለኒ እግዚኦ» የሚለው ገጽ፣ ከጧፉ ያንጠባጠብኩት ሰም አሁንም አለ። እርሱን አላውስም።